የፊት መብራት ሲደክም አምፖሉን ከመቀየር በፊት ሽቦውን መለካት

ማታ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም ወደ ሞጆ የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከፊት የሚመጣው መኪና ዓይን የሚወጋ ነጭ ብርሃን ይዞ ይመጣል። እንዲቀንስ ብልጭ ታደርጉለታላችሁ፤ አይቀንስም። የሚቀንሰው የለውማ! የሚያሳውራችሁ አጭር መብራቱ ነው። ለጥቂት ሰከንድ የመንገዱ ዳር ይጠፋችኋል። እዚያ ዳር ላይ ደግሞ እግረኛ አለ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ አለ፣ የኋላ መብራት የሌለው ጋሪ አለ።

ያ ሹፌር ሰው ለማስቸገር ብሎ አይደለም። አሮጌ መኪና ነው የሚነዳው። መብራቱ ደክሞ ቢጫ ሆኖበት ማታ መንገዱ አልታይ ብሎታል። አንድ ሱቅ ገብቶ ሲጠይቅ ኤልኢዲ አምፖል አሳዩት። ሶኬቱ ይገጥማል፣ ዋጋው አይከብድም፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግድግዳ ላይ ሲያበራው ልዩነቱ የሚያስደንቅ ነው። ገዛው። እንዲህ እያለ ከተማው ሞላ።

ጉዳዩ ወደፊትም የሚቀንስ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሁን ያለው ኮሮላ፣ ያለው ቪትዝ፣ ያለው ሃይሉክስ ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይኖራል። እያረጀ ይሄዳል፤ ሽቦውም አብሮት ያረጃል። ባለቤቱም በራሱ እጅ ወይም በሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን መብራቱን ማሻሻሉ አይቀርም። እኔ ይህን አልቃወምም። በትክክል ከተሠራ የሰው ሕይወት የሚያድን ሥራ ነው። የምቃወመው ብርሃኑ የት እንደጠፋ ሳይታወቅ አምፖል መቀየሩን ነው።

ለምን እንደምል ከአምፖሉ ልጀምር። አገራችን ያሉት አብዛኞቹ አሮጌ መኪኖች የሚጠቀሙት ኤች ፎር የሚባለውን ሃሎጅን አምፖል ነው። ውስጡ ፊላመንት የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉ፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር። አጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት መከለያ አለች። ወደ ላይ ወጥቶ የሌላውን ሹፌር ዓይን ሊመታ የሚችለውን ብርሃን የምታስቀረው እሷ ናት። ከኋላ ያለው አንጸባራቂ መስታወት የተሠራው ብርሃኑ በትክክል ከዚያች ክር ቦታ እንደሚነሳ ታስቦ ነው። ክሯ አንድ ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ እንኳ የብርሃኑ ቅርጽ ይበላሻል።

ኤልኢዲ አምፖል ክር የለውም። ብርሃኑ የሚወጣው ሳህን ላይ ከተለጠፉ ትንንሽ ቺፖች ነው። ሳህኑ ውፍረት አለው፣ ቺፖቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብቻ ያያሉ። ጥሩ የሚባሉት ቦታውን ለማስመሰል ይሞክራሉ፤ ርካሾቹ ግን እዚያም አይደርሱም። ውጤቱ ብርሃኑ በየአቅጣጫው መበተኑ ነው። ከመኪናው አፍንጫ ፊት ያለው አስፋልት ቦግ ይላል፣ ሹፌሩ ደስ ይለዋል። ሰማኒያ ሜትር ርቆ ያለው እግረኛ ላይ ግን የሚደርሰው ብርሃን ከበፊቱ ሊያንስ ይችላል። ቅርቡ ሲደምቅ ደግሞ ዓይን ከዚያ ድምቀት ጋር ይለማመድና ሩቁን ማየት ይከብደዋል። ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ችግሩ ይብሳል። ወደ ላይ የተበተነው ብርሃን ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል።

አንዳንዱ ሰው «አሜሪካ ያለ ዘመዴ የላከልኝ ነው፣ ሕጋዊ ነው» ይላል። መሸጡና መፈቀዱ ይለያያሉ። አሜሪካም በሃሎጅን መብራት ውስጥ የሚገባ ምትክ ኤልኢዲን የፌዴራሉ ደንብ አይቀበለውም። ጀርመን ውስጥ የመጀመሪያው ለመንገድ የተፈቀደ ምትክ ኤልኢዲ የወጣው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኦስራም ምርት ነበር። እሱም የተፈቀደው ተፈትኖ ለተመዘገበ የመኪና ሞዴል ብቻ ነው። አንድ አምፖል በአንዱ መብራት ውስጥ በትክክል ሠርቶ በሌላው ውስጥ ሊያሳውር እንደሚችል አውቀው ነው እንዲህ ያደረጉት።

ታዲያ የድሮው አምፖል ለምን ደከመ? ዋናው ጉዳይ ይኸ ነው። ኤች ፎር አምፖል በአጭሩ 1000 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፣ በረጅሙ 1650 ሉመን ገደማ እንዲያወጣ ነው የተሠራው። ይህን የሚያወጣው ግን 13.2 ቮልት ሲደርሰው ነው። የሃሎጅን አምፖል ባሕርይ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ቮልቴጁ ትንሽ ሲቀንስ ብርሃኑ በብዙ ይቀንሳል። ቮልቴጁ 5 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 16 በመቶ ገደማ ይወርዳል። 10 በመቶ ሲወርድ 30 በመቶ ገደማ ይጠፋል። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው 12 ቮልት ከሆነ 1000 የነበረው ሉመን ወደ 720 ይሆናል። 11 ቮልት ከሆነ ግማሹ ገደማ ብቻ ነው የሚቀረው። ቀለሙም ወደ ቢጫ፣ ወደ ቀይ ይሄዳል። «መብራቴ ደከመ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸ ነው። አምፖሉ ምንም አልሆነም፤ የሚበላው አጥቷል።

ቮልቴጁ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው። ኃይሉ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝ ሳጥን፣ ካለውም በሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ከባድ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው)፣ በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ፣ በየሶኬቱ አልፎ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በማሳው፣ ማለትም ወደ ቦዲ በሚታሰረው ኔጋቲቭ በኩል ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ላይ እያንዳንዱ መገናኛ ዝጓል፣ የማብሪያው ውስጥ መዳብ ተቃጥሏል፣ ማሳው የታሰረበት ብሎን ላይ ቀለም ወይም ዝገት ገብቷል። ሁለቱ አጭር መብራቶች አንድ ላይ ወደ 9 አምፔር ይወስዳሉ። መንገዱ ላይ 0.1 ኦም የምትሆን ትንሽ ተቃውሞ ብትኖር ብቻ 0.9 ቮልት ትበላለች። የተበላው ቮልት ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ሶኬት ቀልጦ፣ ሽቦ ጠቁሮ የምናየው ለዚህ ነው።

ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ተራ ቴስተር ብቻ ነው። ሞተሩ ይነሳ፣ አጭር መብራት ይብራ። መጀመሪያ ባትሪው ጫፎች ላይ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መሆን አለበት። ሞተሩ እየሠራ 12.5 ካሳየ ችግሩ መብራቱ ጋ አይደለም፤ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ነው። እሱ ሳይስተካከል ሌላው ድካም ነው።

ባትሪው ደህና ከሆነ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን አምፖሉ ሶኬት ፖዘቲቭ ላይ ከኋላ በኩል አስገቡ። ሶኬቱ አምፖሉ ላይ እንደተሰካ፣ መብራቱም እንደበራ ይሁን። የሚታየው ቁጥር መንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከዚያ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሶኬቱ ኔጋቲቭ ያለውን እንዲሁ ለኩ። ሁለቱ ተደምረው ከ0.5 ቮልት በታች ከሆኑ ሽቦውን አትንኩት። ከ1 ቮልት በላይ ከሆኑ ግን ብርሃናችሁን የበላው ሌባ ተገኝቷል። ሶኬቱን ነቅሎ መለካት ግን አይሠራም። ጭነት ከሌለ የዛገ ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል። ብዙ ኤሌክትሪሺያን «ኃይል አለው፣ አምፖል ቀይር» የሚለው በዚህ አለካክ ተሳስቶ ነው።

የሽቦ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ርካሹን ጨርሱ። የመብራቱ ፕላስቲክ ሽፋን ቢጫ ሆኖ ከሆነ በደቃቅ የውሃ ሸራ ወረቀትና በፖሊሽ ይጸዳል። ውስጡ ያለው አንጸባራቂ ከጠቆረ ወይም ከተላጠ ግን ምንም ሽቦ አያድነውም፤ መብራቱ ራሱ መቀየር አለበት። ማሳው ብሎን ይፈታ፣ በሸራ ወረቀት ብረቱ እስኪታይ ይፋቅ፣ ተመልሶ ይጥበቅ። ከመኪኖቹ ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ከዚህ በላይ አይፈልጉም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቮልቴጁ አሁንም የሚጠፋ ከሆነ የሪሌው ሥራ ይመጣል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከባድ ኃይሉ በመሪው ማብሪያ በኩል ማለፉ ይቀራል፤ ከባትሪው በአጭርና በወፍራም ሽቦ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። የድሮው ሽቦ የሚቀረው ለትእዛዝ ብቻ ነው። ሪሌውን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ከግማሽ አምፔር በታች ስለሆነ የድሮው ማብሪያ አይጨነቅም፤ ዕድሜውም ይረዝማል።

ተራው ሪሌ አራት እግር አለው። 30 ቁጥር ከባትሪ ኃይል ይቀበላል፣ 87 ወደ አምፖሉ ይሰጣል። 85 እና 86 ትእዛዙን የሚቀበሉ ናቸው። ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ፣ ሁለት የ30 አምፔር ሪሌ ይበቃል። ከባትሪ እስከ ሪሌ ያለው ሽቦ 4 ሚሜ ካሬ፣ ከሪሌ እስከ አምፖል ያለው 2.5 ሚሜ ካሬ ይሁን። ማሳውንም አትርሱት። አዲስ ፖዘቲቭ ዘርግቶ የድሮውን የዛገ ኔጋቲቭ መተው ግማሹን ችግር መተው ነው።

ፊውዙ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከባትሪው የወጣው አዲስ ሽቦ ፊውዝ ሳይኖረው ከቦዲ ጋር ከተነካካ የሚያስቆመው የለም። ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቅበታል፤ ሽቦው ፍም ይሆናል፣ ኮፈኑ ሥር እሳት ይነሳል። ስለዚህ ዋናው ፊውዝ ባትሪው አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ ይቀመጥ፤ 30 አምፔር ይበቃዋል። ከሪሌው በኋላ ደግሞ ለግራው አምፖል ለብቻው፣ ለቀኙ ለብቻው 10 አምፔር ፊውዝ ይኑር። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሁለቱም በአንድ ፊውዝ ከታሰሩ አንዱ ጋ የተፈጠረ ንክኪ ሁለቱንም ያጠፋል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኩርባ ላይ ሳላችሁ ጨለማ ማለት ነው። ፊውዝ ሲቃጠል ደግሞ በሲጋራ ወረቀት ወይም በሽቦ ክር መተካት ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ሶማሌ ተራ ፊውዝ የማይሸጥ የመለዋወጫ ሱቅ የለም። ሁለት ሦስት ትርፍ ገዝቶ ዳሽቦርድ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

የሽቦው ዓይነትም ያው ነው። ለቤት የሚዘረጋው አንድ ክር ደረቅ ሽቦ ሞተር ክፍል ውስጥ አይገባም። ከንዝረቱ የተነሳ ይሰበራል፣ ሽፋኑም ሙቀት አይችልም። የመኪና ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው፣ የሚተጣጠፍ ነው። መገናኛው ላይ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል አንድ ክረምት አያልፍም። የናስትሮው ማጣበቂያ በሙቀት ይለቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ከስድስት ወር በኋላ የድሮው ችግር በአዲስ ሽቦ ላይ ይመለሳል። በመጭመቂያ ፒንሳ የሚታሰር ተርሚናልና በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ ይሻላል። ሪሌው ሲታሰር እግሮቹ ወደ ታች ይሁኑ፤ ውሃ አይጠራቀምበትም። ሥራው ሲጀመር የባትሪው ኔጋቲቭ መፈታት እንዳለበት መቼም አትረሱትም።

እዚህ ላይ ቶዮታ ያላቸው ሰዎች መጠንቀቅ ያለባቸው ነገር አለ። ብዙ የድሮ ቶዮታዎች፣ ላንድክሩዘርና ሃይሉክስም ጭምር፣ የፊት መብራታቸው የሚበራው በኔጋቲቭ በኩል ነው። ማለትም ፖዘቲቩ ለረጅሙም ለአጭሩም አንድ ሆኖ ይመጣል፤ ማብሪያው የሚያደርገው የትኛው ክር ከማሳ ጋር እንደሚገናኝ መምረጥ ነው። ይህን ሳያውቅ በሌላ መኪና ሥዕል የሠራ ሰው ሁለቱም መብራት አብሮ ይበራበታል ወይም ጨርሶ አይበራለትም። መለየቱ ቀላል ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ መብራቱን አብሩና እያንዳንዱን ቀዳዳ ከባትሪው ኔጋቲቭ አንጻር ለኩ። በረጅምም በአጭርም 12 ቮልት የሚያሳየው አንድ ያው ቀዳዳ ከሆነ መኪናው በኔጋቲቭ የሚሠራ ነው። ያን ጊዜ የሪሌው 86 ቁጥር ከዚያ የጋራ ፖዘቲቭ ይያያዛል፤ የአጭሩ ሪሌ 85 ደግሞ ከድሮው ሶኬት የአጭሩ ቀዳዳ፣ የረጅሙ ሪሌ 85 ከረጅሙ ቀዳዳ። አንዳንድ ሪሌ ውስጡ ዳዮድ፣ ማለትም ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ አለው፤ እሱ ከሆነ 85 እና 86ን መቀያየር አይቻልም። ሥራ የሌለው ሁለተኛው የድሮ ሶኬት ፖዘቲቭ እንዳለበት አትርሱ፤ በደንብ ይሸፈን። ክሩስኮቱ ላይ ያለው ሰማያዊ የረጅም መብራት ጠቋሚ ከሥራው በኋላ ከተረበሸ ችግሩ ከዚሁ አሠራር የሚመጣ ነው።

ሪሌ ከገባ በኋላ «እንግዲህ ትልቅ አምፖል ይችላል» ብሎ 100/90 ዋት (ለረጅሙ 100፣ ለአጭሩ 90) መግዛት የተለመደ ነው። እኔ አልመክርም። 55 የነበረውን 90 ስታደርጉት ሶኬቱ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። የአንጸባራቂው ሽፋን ይበስላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ትክክለኛ ቮልት የደረሰው ጥሩ 60/55 አምፖል ለመንገዳችን በቂ ነው። ትክክለኛ ቮልት ማለት ግን ከመጠን ያለፈ ማለት አይደለም። ቮልቴጁ ከሚገባው በ5 በመቶ ሲበልጥ የአምፖሉ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ዲናሞው ከ14.5 በላይ እየሰጠ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታይ።

ከዚያ አቅጣጫው። ብርሃኑ ስለጨመረ የተዛነፈ አቅጣጫ ከበፊቱ የበለጠ ሰው ይጎዳል። ጎማው በትክክል ይነፋ፣ ሹፌሩ ቦታው ላይ ይቀመጥ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቆ ይቁም። የአምፖሉ መሃል ከመሬት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከዚያ ምልክት 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ መውደቅ አለበት። ከመብራቱ ጀርባ ያሉት ብሎኖች ለዚሁ ነው የተሠሩት። በካቻቢቴ ይስተካከላሉ።

ግድግዳው ላይ ሳላችሁ የብርሃኑን ቅርጽ እዩት። አጭር መብራት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ በአንድ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። የእግረኛውን ዳር እንዲያሳይ ነው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ነው የምትነዳው። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣው በቀኝ በኩል መሆን አለበት። ጃፓን ግን በግራ ትነዳለች። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው መሪያቸው ብቻ ወደ ግራ የዞረላቸው መኪኖች በከተማችን አሉ፤ ብዙዎቹ ላይ መብራቱ አልተቀየረም። የእነሱ ብርሃን የሚወጣው በግራ፣ በቀጥታ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ነው። ባለቤቱ መብራቱን ሁሌም እንደቀነሰ ነው የሚያውቀው። በአውሮፓ ደንብ የተሠራ መብራት ከሆነ መስታወቱ ላይ ካለው የማረጋገጫ ምልክት አጠገብ ፍንጭ አለ። አንድ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት ካለበት ለግራ ነጂ አገር የተሠራ ነው። ቀስት ከሌለው ለቀኝ ነው፤ ሁለት ጫፍ ያለው ቀስት ከሆነ ለሁለቱም ይስተካከላል። ለግራ የተሠራ መብራት በብሎንም በሽቦም አይስተካከልም። መብራቱ ራሱ ነው መቀየር ያለበት። ለዚህ ጉዳይ የሚወጣ ገንዘብ ከማንኛውም ኤልኢዲ የበለጠ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለድሮ 12 ቮልት መኪና ነው። አይሱዙና ሌሎች የጭነት መኪኖች ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው፤ ሪሌውም አምፖሉም ለዚያ የተሠራ መሆን አለበት። አዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ መብራቱን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ነው። ሽቦ ስትቆርጡ የተቃጠለ አምፖል ያለ መስሎት ማስጠንቀቂያ ያበራል፣ አንዳንዴም መስመሩን ይዘጋዋል። አሁን እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች መብራት ብዙውን ጊዜ ፋብሪካ ላይ የታሸገ ኤልኢዲ ነው። መነካት የለበትም፤ አቅጣጫውን ብቻ ማስለካት ይበቃል።

ሥራውን ለኤሌክትሪሺያን ብትሰጡትም ከመጀመሩ በፊት ቴስተሩን ይዞ ስንት ቮልት እንደሚጠፋ ያሳያችሁ። ሲጨርስም ደግሞ ይለካ። ሁለቱን ቁጥሮች፣ ዋናው ፊውዝ ያለበትን ቦታና ሪሌዎቹ እንዴት እንደተያያዙ በወረቀት ይሳልላችሁ። ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር አስቀምጡት። መኪናው አንድ ምሽት አዋሽ አካባቢ መብራት ቢጠፋበት የማያውቃችሁ ሌላ ኤሌክትሪሺያን የሚጀምረው ከዚያ ወረቀት ነው።